በማስቲሽ የተለጠፈ አጎት

ዋሽቶ ያፈረ ሰው አይታችሁ ይሆናል። እውነቱን ተናግሮ የሚያምነው አጥቶ፣ የገዛ ጺሙን በሁለት እጁ እየጎተተ «እመኑኝ» ብሎ የሚለምን ሰው አይታችሁ እንደሆነ ግን እንጃ። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ላምበረት፣ ሃምሳ አለቃ ጥላዬ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ እሁድ ነው።

ያኔ የምኖረው ገርጂ ነበር። ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ገርጂ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የጓሮ ክፍሎች አከራይቼ እተዳደራለሁ፤ ልጆቼ ወልደው ከብደው ወጥተዋል። ቤት መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም። እግሬን ያሳክከኛል። ዛሬ ኮተቤ ለቅሶ፣ ነገ ቦሌ ማኅበር፣ ከነገ ወዲያ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የታመመ ጥየቃ ስል ነው የምውለው። ልጄ «እማዬን ለማግኘት ታክሲ ተራ መቆም ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁኛል። ይህ ጉድም የመጣው በአንዱ ሾፌር ነው። ከሾፌሩ በፊት ግን ተከራዬን ላስተዋውቃችሁ።

ታምራት ይባላል፤ ተዋናይ ነው። ግቢዬ ሲገባ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ያየው ሁሉ «ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» ይል ነበር። የቀበሌው ኪነት አለቃ ብሎታል፣ አዘጋጁ ብሎታል፣ እኔም ብዬዋለሁ። ምን ይሆናል፣ አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ተዋናይ ታሞ ይቀራል፤ ታምራትን ፊቱን ዱቄት ነስንሰው፣ ሽማግሌ አድርገው ያስገቡታል። ያለ ልክ አማረበት። በዚያው ቀረ! ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ በተፈለገ ቁጥር እሱ ይጠራል። ሽማግሌ ደግሞ መድረክ ላይ ብዙ አይናገርም፤ ይመርቃል፣ ያስላል፣ ይሞታል።

አንድ ጊዜ «ይምጡና ይዩኝ» ብሎኝ ሄድኩ። ነጭ በነጭ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ሲገለጥ ታምራት አልጋ ላይ ተኝቷል። «ልጆቼ…» አለና ሞተ። የቀሩት እስከ መጨረሻው በውርሱ ሲጣሉ አመሹ። ስንወጣ «እንዴት ነበርኩ፣ እትዬ የሺ?» አለኝ። «እንዳንተ አሳምሮ የሞተ ሰው አላየሁም» አልኩት። ደስ አለው፣ ምስኪን።

ጓደኛው ሰለሞን ደግሞ አፍቃሪ ወጣት ሆኖ ነበር የጀመረው። መልክ አለ፣ ድምፅ አለ፤ እንባውን ሲያወርድ አዳራሹ አብሮት ያለቅስለት ነበር አሉ። ኋላ ፀጉሩ ያለ ጊዜው ከግንባሩ መሸሽ ጀመረ፤ አፍቃሪነቱም አብሮት ሸሸ። ኦሎምፒያ አንድ መጠጥ ቤት ገብቶ ቢራ ይቀዳል። ብርጭቆውን ሲያቀብላችሁ ግን ልቡን የሚያቀብላችሁ ነው የሚመስለው። ሁለቱ ተገናኝተው ደጄ ላይ ሲቀመጡ ወሬያቸው አንድ ነው፤ «ያንን ሚና ለኔ ሰጥተውኝ ቢሆን!»

ሾፌሩ ዳዊት ይባላል። ከመገናኛ ቦሌ በሚኒባስ ይሠራል። ያደገው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ እናት አባቱን አያውቅም። አሮጊት ሳያሳፍር፣ እርጉዝ ሳያስቀምጥ የማይሄድ ጨዋ ልጅ ነው። የሃምሳ አለቃ ጥላዬን ልጅ፣ ሂሩትን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። የሂሩት እናት አስካለ የማርያም ማኅበርተኛዬ ናት። ይህን ሁሉ የማውቀው በመዞር ነው፤ ሰው መዞር ምን ይጠቅማል ይላል።

ዳዊት መጀመሪያ የላከው የሰፈራችንን ባለሱቅ ጋሽ ሁሴንን ነበር። ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው፤ እስላም ክርስቲያኑ የሚያከብራቸው፣ ለስንት ሰው ሚስት ያጩ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ምን አሉ ሃምሳ አለቃ?»

«እንዳንመለስ አድርገው መለሱን። ‹ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛም ነው። ግን የማን ነው? አባቱን አያቱን የማይቆጥር ሰው ቤቴ አይገባም። እኔ ከየት እንደፈለቀ የማላውቀውን ውሃ አልጠጣም› አሉ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ የሺ? ልጁ የማን እንደሆነ እኔስ መች አወቅሁ? ደግሞም ለመጪው እሁድ ሳምንት ሂሩትን ሊለምኑ የአንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይዘዋል።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ዳዊት ሚኒባሱን ደጄ አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ግቢ ውስጥ ታምራት ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። ልጆቼ፣ ሰይጣን ነው እንዳልል ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ነበር የመጣሁት።

«ታምሩ፣ አንድ ሚና አለልህ» አልኩት።

እግሩን ከሳፋው ሳያወጣ ቀና አለ። «ዋና ነው?»

«ካንተ በላይ የሚናገር የለም።»

ነገሩን ስነግረው ሰማኝና፣ «ሰውየው ማነው?» አለኝ።

«አልኩህ እኮ፣ የዳዊት አጎት ነው።»

«እሱን አላልኩም። ውስጡ ማነው? ምንድን ነው የጎዳው?»

«ምንም አልጎዳውም! ሚስት ሊያጭ የመጣ ሰው ነው።»

«ያልተጎዳ ሽማግሌ ሠርቼ አላውቅም፣ እትዬ» አለ፣ እውነቱን ተጨንቆ።

ሰለሞን ሲሰማ «አጎቱን እኔ ልሁን» ብሎ ተነሳ። ታምራት «አንተን ያየ አጎት አይልም፣ ውሽማ ነው የሚለው» አለው። ሲነታረኩ ቆይተው ሰለሞን የአጎት ጎረቤት ሆነ፤ ቃል ግን የለውም። ጋሽ ሁሴን ደግሞ «እኔ ሽምግልና ላይ ዋሽቼ አላውቅም» ብለው እምቢ አሉ።

«ማን ዋሹ አለዎት ጋሼ? በሩን ያስከፍቱ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ።»

«ዝምታም እኮ…»

«ልጁን ሄደው ይዩት እስቲ፤ መሪውን በእንባ አበስብሶታል።»

ሄደው አዩት። ተመልሰው «በሩን አስከፍታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አፌ ተዘግቷል» አሉ።

ሃምሳ አለቃ መንዜ ስለሆኑ፣ አጎታችን ከዘራቸው እንዳይገናኝ ብለን ዓባይ አሻግረን ጎጃሜ አደረግነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን እስከ ሰባት ቤት ስም አወጣንለት። ታምራት ስሞቹን ሽንት ቤት ድረስ እያነበነበ ሰነበተ። በተለይ አንድ ነገር አስጠነቀቅሁት፤ «ከተባለው ቃል ፈቀቅ እንዳትል!»

«እትዬ የሺ፣ እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ» አለ፣ ቅር ብሎት።

እሁድ እኔ ቀደም ብዬ «እግር ጥሎኝ» አስካለ ቤት ተገኘሁ። ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ጓዳ ነው የምትሆነው፤ ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ ቀዳዳ አለው። ሂሩት ነገሩን ከዳዊት ሰምታለች፤ እናቷ አልሰማችም። ሦስታችንም አንዷ ባንዷ ላይ ተደራርበን ቀዳዳዋ ላይ ተለጠፍን።

«ቤት ለእንቦሳ!» አሉ ጋሽ ሁሴን ከደጅ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

አጎትየው ገቡ። «ገቡ» ያልኩት ወድጄ አይደለም። የጎበጠ ጀርባ፣ በከዘራው ላይ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ እስከ ደረት የወረደ ነጭ ጺም። ትንፋሻቸው ሳይቀር የሽማግሌ ነው። ትናንት የግቢዬን አጥር ዘሎ የገባውን ልጅ እያወቅሁት፣ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ብድግ አልኩላቸው። ከኋላቸው ሰለሞን ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገባ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አጎትየው። ከዚያ ልጅዎን ለልጃችን ብለው እንደ ወጉ ለመኑ። ድምፃቸው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። አስካለ ጆሮዬ ላይ «ይህን የመሰለ አጎት እያለው ዘመድ የለውም ያሉት የታባታቸው!» አለች። ሰለሞን ቃል ስላልተሰጠው በሳል ይተውናል፤ አንድ ነገር በተባለ ቁጥር «እህ! እህህ!»

ሃምሳ አለቃ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ልጁ ዘመድ የለውም ነበር የተባልኩት።»

«ወንድሜና ሚስቱ ባንድ ሰሞን ሞቱብኝ። ሕፃኑ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ስፈልገው ኖሬ፣ አሁን ነው ያገኘሁት።»

«አገራችሁ ወዴት ነው?»

«ዓባይ ማዶ፣ ጎጃም ነን።»

አሁን ዘር ቁጠሩ ይላሉ፣ ታምራትም ያነበነበውን ይደረድራል፣ ያልቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ሃምሳ አለቃ መሬት መሬት አዩ።

«ጎጃም አሉኝ?» አሉ በስተመጨረሻ። «የአያቴ ወንድም ከአያቴ ጋር ባንድ እርሻ ተቀያይመው፣ በቅሏቸውን ጭነው ዓባይን ተሻገሩ። በዚያው ቀሩ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር ‹ጓንጉል መጣ እንዴ?› ይሉ ነበር። ያኔ ሕፃን ሆኜ በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ…» ድምፃቸው ተሰበረ።

ይኼኔ በቀዳዳው የታምራትን ፊት አየሁ። ወየው! ዓመት ሙሉ ጦም ያደረ ሰው የፋሲካ ዶሮ ሲቀርብለት የሚያሳየው ፊት ነው። ፊት ለፊቱ የሚያለቅስ ተመልካች ተቀምጦለታል። «ተው» አልኩ በሆዴ። ሰለሞንም ገባው መሰለኝ፣ ሳሉን አጣደፈው።

«ጓንጉል…» አሉ አጎትየው ቀስ ብለው። «ጓንጉል የማን?»

«ጓንጉል በሻህ።»

ከዘራው መሬት ወደቀ።

«በቅሎዋ… ግራጫ ነበረች?»

ሃምሳ አለቃ ተነሱ። «ግራጫ! ማን ነገረዎት?»

«አያቴ ናቸው ጓንጉል! እስኪሞቱ ‹ወንድሜን ሳልታረቀው› እንዳሉ ነው የሄዱት!»

ሂሩት ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። «እትዬ የሺ፣ ምን እያደረገ ነው? ይህ አልነበረበትም እኮ!»

ምን ልበላት? ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። «ደሜ!» ይላሉ አንዱ፤ «ሥጋዬ!» ይላሉ ሌላው። አስካለ ከመሐላችን ዘላ «እልልልል!» አለች። ውጭ ሚኒባሱ ውስጥ የሚጠብቀው ዳዊት እልልታውን ሲሰማ እሺ የተባለ መሰለው፤ ክላክሱን እንደ ሠርግ መኪና ያስጮኸው ጀመር። ጎረቤት ከየደጁ ወጣ። «በግ ይታረድ!» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! ጓንጉል መጣልኝ!»

ሂሩት ግን አታለቅስም፣ አትስቅም። ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «አራት።»

«ምኑ ነው አራት? እልልል…»

ነጠላዬን አስካለ አፍ ውስጥ ጎሰርኩት።

ሳሎንም የጣት ቆጠራ ተጀምሯል። «ልጄ… እኔ… አባቴ… አያቴ…» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። «ልጁ… ያንተ ወንድም… አባታችሁ… ጓንጉል…» አውራ ጣታቸው ቆመ። ልጆቼ፣ የእኛን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም።

«አራተኛ ቤት ላይ እንገናኛለን» አሉ። «ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው።»

«ያ አላህ!» አሉ ጋሽ ሁሴን። ከገቡ ወዲህ ያወጡት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሃምሳ አለቃ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አማተቡ። «ከኃጢአት አወጣኸኝ ጌታዬ! ደሜን ለደሜ ልድር ነበር!» ከዚያ ፊታቸው በራ። «ዳዊት ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው። ይግባ! ከእህቱ ጋር ማዕድ ይቁረስ። ሂሩትን ለነጋዴው ስንድራት፣ ወንድሟ ሆኖ አዝሎ የሚያወጣት እሱ ነው!»

ሂሩት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ ክላክሱ አሁንም ይጮኻል።

ታምራት በነጩ ጺም ውስጥ ነጭ ሆነ። ዙሪያውን አየ፣ ሰለሞንን አየ፣ መጋረጃውን አየ። ከዚያ ጀርባውን ቀጥ አደረገ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም።»

«አይደለህማ! ገና ጎበዝ ነህ፣ ወንድሜ!»

«ማለቴ፣ ተዋናይ ነኝ። ጓንጉልን አላውቃቸውም። ይኸው ጺሙም የውሸት ነው» ብሎ ያዘና ሳበው። አልለቀቀም። ደግሞ ሳበው። ለካ የቲያትር ቤቱ ማጣበቂያ አልቆ፣ ሰለሞን በጫማ ማስቲሽ ነው የለጠፈለት! በሁለት እጁ ቢጎትት ቆዳው አብሮ እየተሳበ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጺሙን ሊነጭ ነው! ያዙት!» ብለው ሃምሳ አለቃ ተጠመጠሙበት። «ደንግጦ ነው! ውሃ አምጡ! ተው ወንድሜ፣ ሐዘኑ ያልፋል!»

«እመኑኝ ተዋናይ ነኝ!»

«እኔም ነኝ!» ብሎ ሰለሞን ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ አበራ።

«ይህ ደግሞ ምኑን ያስረዳል?» አሉ ሃምሳ አለቃ። ሰለሞን በዚያ ሁሉ መሐል ተቀየመ።

«ቲያትር ቤት ገብተው አያውቁም?» አለ ታምራት። «ሲሞት ቤቱ ላይ የተጣሉበት አባት… ሙሽራውን የመረቀው… ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያስለው…»

«አላየሁህም።»

ደጅ የተሰበሰበውን ጎረቤት ዞሮ አየ። «እናንተስ?» ማንም አላየውም። ያንን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ ሲያረጅና ሲሞት ኖሮ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ እንኳ የሚያውቀው ጠፋ።

ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው ለቀቁት። ፊታቸው ተለወጠ። «አሁን ገባኝ» አሉ። «አራት ቤት መሆኑን ስታዩ ሠርጉ እንዳይቀርባችሁ ዘራችሁን ልትክዱ! ጓንጉልን፣ ለአንድ ሠርግ!»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ሽማግሌ በቆመበት ሳሎን በሕይወቴ ወጥቼ አላውቅም፤ እግሬ ግን መቼ ይጠይቀኛል። «ሃምሳ አለቃ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ተከራዬ ነው።»

«ተከራይሽ መሆኑ ዘመዴ መሆኑን ይከለክለዋል?»

ወደ ጋሽ ሁሴን ዞሩ። «እርስዎ አይዋሹም። ይናገሩ።»

«ከሱቄ ስኳር ይገዛል» አሉ ጋሽ ሁሴን። «ጺም የለውም። ዘሩን ግን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልናገርም።»

«ይኸው! እሳቸው እንኳ ዘመዴ አይደለም አላሉም!»

እንግዲህ አስቡት። ውሸቱን ሁሉም አመነ፤ እውነቱን ግን የሚገዛ ጠፋ። ሂሩት ጓዳ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች።

ታምራት ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ሌላ ሰው ነበር። ግራ ትከሻው ከፍ አለ፣ እጆቹ ወደ ኋላ ተጣመሩ፣ አገጩ ወጣ። ሳሎኑን በወታደር እርምጃ ተሻገረና አፍንጫውን ነፍቶ፣ «እኔ ከየት እንደፈለቀ የማላውቀውን ውሃ አልጠጣም!» አለ። ድምፁ የሃምሳ አለቃ ነው። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው፣ ማነው የተናገረው ብለው ዞሩ። ቀጠለ። ዘር ሲቆጥሩ አውራ ጣታቸው ስትንቀጠቀጥ፤ «በግ ይታረድ» ሲሉ ቀበቷቸውን ሲስቡ፤ ወደ ጣሪያ አንጋጠው ሲያማትቡ አንደኛው ዓይናቸው ሲጠብ። ከመቅጽበት ደግሞ አስካለን ሆኖ «እልልልል» አለ፣ ነጠላ ሲጎሰርበት ጭምር። በዓይኑ ያላየውን በጆሮው ብቻ ሰምቶ ሠራው! መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው አስካለ ናት። ከዚያ ጎረቤቱ። ከዚያ ጋሽ ሁሴን ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰለሞን ብቻ አልሳቀም፤ ቆሞ አጨበጨበ።

ታምራት ቆመ፤ በራሱ ድምፅ፣ በወጣት ድምፅ ተናገረ። «አባቴ ጅማ የሚኖር የእንጨት ሠራተኛ ነው። ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። እንዲህ ነው የምኖረው፣ ጌታዬ፤ ሰው በመሆን።»

ሃምሳ አለቃ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ሳስብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግራጫዋ በቅሎስ?» አሉ።

«እርስዎ ሲናገሩ ግራጫ ሆና ታየችኝ።»

«ግራጫ ነበረች» አሉ። ከዚያ ወደ ደጁ ዞሩና፣ «ያንን ጥሩምባ የሚያስጮኸውን ልጅ ጥሩልኝ» አሉ።

ዳዊት እየሳቀ ገባ። ፊታችንን ሲያይ ሳቁ በረደ።

«አባትህ ማነው?» አሉት ሃምሳ አለቃ።

ታምራትን አየ፤ ታምራት «ተነቅቶብናል» እንደሚል አንገቱን ነቀነቀ። «አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አያትህስ?»

«አላውቅም።»

«የምታውቀው ነገር አለ?»

«መንገድ አውቃለሁ» አለ ዳዊት። «መኪና አውቃለሁ። ሂሩትን አውቃለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ወደ ጓዳው ዞሩ። «አስካለ! ዘመድ የለውም ብዬ ከለከልኩት። ዛሬ ዘመድ ተገኘለት፣ ጭራሽ ልድርለት አልቻልኩም! ዘመድ ባይኖረው ይሻላል!»

«እህል ነጋዴውስ?» አለች አስካለ ሳቋን ውጣ።

«የእሱ ሽማግሌዎች ጺማቸው በምን እንደተለጠፈ በምን አውቃለሁ? ከእንግዲህ ወዲህ ሽማግሌ የሚባል ዘር አላምንም።» ከዚያ ጣታቸውን ታምራት ላይ ቀሰሩ። «አንተ ግን ቅጣት አለብህ። ለሠርጉ ያ ሽማግሌ ይምጣልኝ።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«የጓንጉል የልጅ ልጅ ነዋ! ገና አልጠገብኩትም።»

በጉ ታረደ። ጺሙን ግን ዳዊት ከሚኒባሱ በቀዳው ቤንዚን ስናለቅቅ ዋልን፤ ታምራት ሳምንት ሙሉ አገጩ የተጠበሰ ቲማቲም መስሎ ከረመ። ለሠርጉም መጣ፤ በደህና ማጣበቂያ። ሃምሳ አለቃ ከጎናቸው አስቀምጠው ስለ እርሻው ጠብ ሲያወሩት ዋሉ፤ ታምራትም በአያቱ ስም ይቅርታ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም በአያታቸው ስም ተቀበሉ። ማን እንደሆነ እያወቁ! ሲሳሳሙ አየሁ፤ ሳቅ ልስቅ አስቤ እንባ ቀደመኝ።

እኔ ከዚያች እሁድ ወዲህ ጓዳ ሆኜ አጮልቄ አላውቅም። «የሺ ራሷ ትምጣ» እየተባለ ከወንዶቹ ሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ጀመርኩ፤ ባሁኑ ዕድሜዬም ይጠሩኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ሴት ሽማግሌ?» ያሉ ነበሩ፤ ጋሽ ሁሴን «ከናንተ ተዋንያን ትሻላለች» ብለው ዝም አሰኙልኝ። ሄጄ ስቀመጥ ደግሞ ልጁ የማን ነው ብዬ አልጀምርም። ማን ለምኖለት መጣ፣ ለእሱ ብሎ የሚያፍርለት ሰው አለው ወይ፣ እሱን ነው የማየው። እናንተም ልጅ ስትድሩ እስቲ እንዲህ ሞክሩት። ደግሞ ጺም ሳብ አድርጋችሁ ብታዩ አይከፋም።

«ታምራትስ ታዋቂ ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ ለቴሌቪዥን ድራማ ተመረጠ፤ ለዚያውም ሽማግሌ ሳይሆን ሐኪም ሆኖ። ዳዊት ሰፈሩን በሚኒባስ እያመላለሰ ሃምሳ አለቃ ሳሎን ሞላነው። ሂሩት የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋለች፤ ሰለሞን ከኦሎምፒያ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል፤ ታምራት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መሐል ተቀምጧል። ድራማው ጀመረ። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ሊያልቅ ሲል ዋናዋ ተዋናይ ሆስፒታል ገብታ አንድ ሰው ትከሻ ላይ አለቀሰች። የሰውየው ፊት አይታይም። እሷ ቀና ስትል አለቀ። የቀረውን ቆርጠውታል።

ማንም ወደ ታምራት መዞር አልደፈረም። ታምራት ሸሚዙን እያየ ቁልፉን ይነካካል።

ሃምሳ አለቃ ተነሱ። ደጅ ድረስ የቆመው ሕዝብ እንዲሰማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ቴሌቪዥኑን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ያ ትከሻ የማን እንደሆነ ያላወቃችሁ ካላችሁ» አሉ፣ «የኔ ዘመድ ነው።»